ሰዓቱ፣ ፊደሉ፣ ካርዱ፦ ብሮውዘርን ለመጀመሪያ ጊዜ ማሰናዳት

ብሮውዘር ማለት ድረ ገጽን ካለበት ኮምፒውተር ጠርቶ የሚያመጣና በስልክ ወይም በኮምፒውተር መስኮት ላይ ዘርግቶ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። በደብረ ማርቆስም ሆነ በአዲስ አበባ ብዙ ሰው ይህን ፕሮግራም «ጉግል» ብሎ ይጠራዋል። ጉግል ግን የመፈለጊያ ድረ ገጽ ስም ነው፤ እሱን የሚከፍተው ብሮውዘር ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ኦፔራ ሚኒ፣ ኤጅ ወይም ሳፋሪ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ተራ የስም ጉዳይ አይደለም። «ጉግል እምቢ አለኝ» ብሎ ስልኩን ለጠጋኝ የሚሰጥ ሰው የታመመበት ብሮውዘሩ ይሁን፣ ኔትወርኩ ይሁን፣ ወይስ ሊከፍተው የፈለገው ድረ ገጽ ራሱ፣ ከአነጋገሩ አይታወቅም።

የመጀመሪያውን ብሮውዘር የጻፈው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ነው፤ በስዊዘርላንድ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ1990። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው ደግሞ በ1989 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ በተከፈቱት ኢንተርኔት ቤቶች ለብዙ ዓመታት የነገሠው የማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ነው፤ ሰማያዊዋ ምልክቱ ለብዙ ሰው ኢንተርኔት ራሱ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2004 ፋየርፎክስ፣ በ2008 ክሮም መጡና ቦታውን ቀሙት፤ ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በጁን 2022 በይፋ አሰናበተው። ዛሬ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ክሮም ተጭኖ ይመጣል፤ ስለዚህ የአብዛኛው ሰው ጥያቄ «የትኛውን ልምረጥ?» ሳይሆን «የመጣልኝን እንዴት ላሰናዳው?» የሚል ነው።

አዲስ ብሮውዘር ባለቤቱ ማን እንደሚሆን ሳያውቅ የተሰፋ ልብስ ነው። ሠሪዎቹ በሐሳባቸው የሳሉት ተጠቃሚ እንግሊዝኛ ያነባል፣ ዘመኑን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ይቆጥራል፣ ኢንተርኔቱ አይለካበትም፣ ስልኩንም ሌላ ሰው አይነካበትም። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከዓባይ በረሃ ማዶ፣ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቀመጠው የደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ከዚያም ወጣ ብሎ በጎዛምን፣ በማቻከል ወይም በጮቄ ተራራ ሥር ባሉት ቀበሌዎች ግን አራቱም ግምት ሊሳሳት ይችላል። ማሰናዳት የሚባለው ሥራ ልብሱን በለባሹ ልክ ማጥበብና ማስፋት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከብሮውዘሩ ውጭ ነው፤ ከስልኩ ቀንና ሰዓት። ይህን ብዙ ሰው ከጉዳይ አይቆጥረውም፤ ድረ ገጽ አልከፈት ሲል ግን ከሚዘነጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ብሮውዘር አንድን ድረ ገጽ ከመክፈቱ በፊት በር ላይ እንደቆመ ጥበቃ መታወቂያ ይጠይቃል። መታወቂያው ሰርተፊኬት ይባላል፤ ለየትኛው አድራሻ እንደተሰጠ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚያገለግል ተጽፎበታል። የነዚህ ሰርተፊኬቶች ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም እንዲያጥር ተወስኗል፤ ብዙዎቹ የሚያገለግሉት ለ90 ቀን ብቻ ነው። ብሮውዘሩ ታዲያ «ዛሬ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ስልኩን ነው።

እዚህ ላይ የአገሩ አቆጣጠር ይመጣል። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነበር። አዲስ ስልክ ገዝቶ ዓመቱን 2018 ብሎ የሞላ ሰው እንደ ልማዱ እውነቱን ጽፏል፤ ለብሮውዘሩ ግን ወደ ሰባትና ስምንት ዓመት የኋሊት ሄዷል። በዚያ ስሌት አምና የተሰጠ ሰርተፊኬት ገና ያልተጻፈ ነው። ጥበቃው መታወቂያውን ገልብጦ ያያል፣ ከነገ ወዲያ የተሰጠ ሆኖ ያገኘዋል፣ በሩንም ይዘጋል። በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቀይ ማስጠንቀቂያ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይላል፤ አንዳንዴም ሰዓቱ ወደ ኋላ እንደቀረ በግልጽ ይናገራል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ከሆነና አንባቢው ካልተረዳው «ኔትወርክ የለም» ብሎ ይደመድምና ካርድ ይሞላል።

የዓመቱ ስሕተት ሁሉን በር ሲዘጋ የሰዓቱ ስሕተት ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ስምንት ሲል ያልተመቸው ሰው ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። አብዛኛው ድረ ገጽ ይከፈታል። ሰርተፊኬቱን በዚያው ዕለት ያደሰው ግን ለጥቂት ሰዓት አይከፈትም፤ ማታ ሲሞከር ይከፈታል፤ ባለስልኩም ምክንያቱን ሳያውቅ ይቀራል። ጤናማው መንገድ ቀንና ሰዓቱን ከኔትወርክ እንዲወስድ መተው፣ የሰዓት ሰቁን በምሥራቅ አፍሪካ ላይ ማድረግ፣ ለኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያና ሰዓት ደግሞ ራሱን የቻለ መተግበሪያ መጫን ነው። በኢትዮጵያ ሰዓት ካልሆነ አላይም ለሚል ሰው አንድ የጓሮ በር አለ፦ ሰዓቱን ሳይነኩ የሰዓት ሰቁን ብቻ ወደ አርጀንቲናው ቦነስ አይረስ መቀየር። ቦነስ አይረስ ከኢትዮጵያ ልክ ስድስት ሰዓት ስለሚዘገይ ስልኩ ጠዋት ሁለትን ሁለት ይላል፣ የውስጡ ስሌትም አይዛነፍም፤ ቀኑ እንኳ የሚለወጠው እንደ አገሩ ወግ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። ዕዳው ስልኩ በተጠየቀ ቁጥር የደቡብ አሜሪካ ነዋሪ ነኝ ማለቱ ነው።

በአሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ይኸው ችግር በሌላ መልክ ይመጣል። ማሽኑ ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስቆጥረው በውስጡ ያለች እንደ ሳንቲም የተጠፈጠፈች ባትሪ ናት። እሷ ከሞተች መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ወደ ተሠራበት ዘመን ይመለሳል። ጠዋት ጠዋት «ኢንተርኔቱ አይሠራም» የሚባልበት ኮምፒውተር ካለ ብሮውዘሩን አጥፍቶ እንደገና ከመጫን በፊት ባትሪዋን መቀየር ይቀድማል።

ቀጥሎ የሚታየው የብሮውዘሩ ዕድሜ ነው። ብሮውዘር በየጥቂት ሳምንቱ የሚታደስ ፕሮግራም ነው፤ ዕድሳቱ ጌጥ ሳይሆን ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ መድፈኛ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በብዙ አካባቢ ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። በዚያን ጊዜ መሳቢያ ውስጥ የከረመ ስልክ፣ ወይም ኢንተርኔት ሳያይ ለጥሪ ብቻ ያገለገለ፣ ዳታው ሲከፈት ብሮውዘሩ ብዙ እትም ወደ ኋላ ቀርቶ ይገኛል። ፕሌይ ስቶርን ከፍቶ ክሮምን ማደስ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። ዕድሳቱ ካርድ ስለሚበላ በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ማዘዝ ይቻላል፤ ዋይፋይ የማያገኝ ሰው ግን ይህን ትእዛዝ ካበራ ብሮውዘሩ ፈጽሞ ሳይታደስ ሊቀር ነው። ለሱ የሚሻለው በወር አንዴ፣ ጥቅል በገዛበት ቀን፣ በእጁ ማደስ ነው።

አንዳንድ ዕቃ ደግሞ ከዚህ በላይ አይታደስም። ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2025 አጋማሽ ወዲህ አንድሮይድ 10 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ በዊንዶውስ 7 ኮምፒውተር ላይ መታደሱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ነው። ፋየርፎክስ ለአሮጌው ዊንዶውስ 115 በተባለው እትሙ አማካይነት ረዘም ላለ ጊዜ ጥገና ሲያወጣ ቆይቷል። ስለዚህ ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው ከካሜራው በፊት የአንድሮይዱን ቁጥር ቢጠይቅ ይሻለዋል። ብሮውዘሩን ከጓደኛ በዜንደር ወይም በቴሌግራም በተላከ ፋይል መጫን የተለመደ ነው፤ ካርድ ይቆጥባል። ነገር ግን በመንገድ ላይ ማን ምን እንደጨመረበት ስለማይታወቅ ለሌላ ጨዋታ ቢፈቀድ እንኳ የባንክ ምሥጢር ቁጥር ለሚጻፍበት ፕሮግራም አይገባም።

ከዚያ ፊደሉ ይመጣል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም፣ ከ340 በላይ ምልክቶችን ይዞ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የላቲንን ፊደል ቦታ እየተከራዩ የሚሠሩ ስለነበሩ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። በዚያ መንገድ የተጻፈ የቆየ ድረ ገጽ ወይም ደብዳቤ ዛሬ ሲከፈት የተተረማመሰ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። ያ የብሮውዘሩ ጥፋት አይደለም፤ መፍትሔው ጽሑፉ የተጻፈበትን ፎንት መፈለግ ወይም ወደ ዩኒኮድ ማስቀየር ነው። ሳጥን ሳጥን ብቻ ሲታይ ግን ጽሑፉ ደህና ነው፣ ከማሽኑ ላይ የጠፋው የግዕዝ ፎንት ነው። አንድሮይድ ኖቶ የተባለውን ይዞ ይመጣል፤ ዊንዶውስ ኒያላን ከቪስታ ጀምሮ አስተዋውቋል፣ ኋላም ኢብሪማ ተጨምሯል፤ በአሮጌ ማሽን ላይ አቢሲኒካን አውርዶ መጫን ይበቃል።

የብሮውዘሩን ቋንቋ ራሱን ወደ አማርኛ ማዞርም ይቻላል፤ ክሮም ሙሉ የአማርኛ ገጽታ አለው። ሴቲንግ «ቅንብሮች»፣ ታብ «ትር»፣ ቡክማርክ «ዕልባት» ይሆናል። ትርጉሙ አንዳንድ ቦታ ይጎረብጣል፤ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ግን በራስ ቋንቋ ማንበብ ካርድና ንብረት ያድናል። ችግሩ ጠጋኙም ሆነ የሚያስተምረው ልጅ የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን በመሆኑ «ሴቲንግ ግባ» ሲባል ባለ አማርኛው ስልክ ግራ መጋባቱ ነው። በስልክ ሆኖ ለእናቱ የሚያስረዳ ልጅ ሁለቱንም ስም ቢያውቅ ይገላገላል።

ለመጻፊያ የጉግል ኪቦርድ ላይ አማርኛን መጨመር በቂ ነው፤ በኮምፒውተር ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። ሲፈለግ ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል። ለአንባቢ ጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ለማሽን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በረጅም የስም ዝርዝር ውስጥ «ኃይሌ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ሀይሌ» ተብሎ የተጻፈውን ላያገኘው ይችላል፤ «ደብረ ማርቆስ» እና «ደብረማርቆስ» እንኳ ሁለት ናቸው። ስሙን ያጣ ተማሪ ስሜ የለም ከማለቱ በፊት በሌላው ሆሄ ሊሞክር ይገባዋል። መፈለጊያውን ከጉግል ወደ ቢንግ ወይም ወደ ዳክዳክጎ መቀየር ይቻላል፤ ለአማርኛ ጽሑፍ ግን ብዙ የሚያገኘው ጉግል ነው።

ካርድ የሚበላው ምን እንደሆነ ብዙ ሰው ይስታል። በተለመደው የድረ ገጽ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፣ የላቲኑ አንድ ብቻ። ከባድ ይመስላል እንጂ 2,000 ፊደል ያለው ጽሑፍ በሙሉ 6 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ አጠገቡ ያለችው አንዲት ፎቶ ብቻዋን የዚህን ሃምሳ እጥፍ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ቁጠባ ማለት ከምስልና ከቪዲዮ ጋር መደራደር ነው። በክሮም ቅንብሮች ውስጥ ገጾችን ቀድሞ የመጫን ልማዱን ማጥፋት ይገባል፤ ብሮውዘሩ ባለቤቱ ይነካዋል ብሎ የገመተውን ሊንክ ሳይታዘዝ ያመጣልና፣ ሳይበላ ለቀረ ምግብ ሒሳብ እንደ መክፈል ነው። ክሮም ራሱ የዳታ ቆጣቢ ክፍል ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ተሰረዘ። ይህን ሥራ አጥብቆ የያዘው ኦፔራ ሚኒ ነው። በከፍተኛ ቁጠባ ሲሠራ ገጹን በቀጥታ አያመጣም፤ የኦፔራ ኮምፒውተሮች ገጹን ተቀብለው፣ አጥብቀው ጨምቀው ይልኩለታል። ዜና ለማንበብ የሚያክለው የለም። ቅጽ ለመሙላትና ለገንዘብ ጉዳይ ግን አይመረጥም፤ በመሃል የሚያልፍበት እጅ አለና፣ አንዳንድ ቅጽም በጭመቃው ይሰበራል።

ከሁሉም የሚበልጠው ቁጠባ ገጽን አውርዶ መያዝ ነው። በአንድሮይድ ክሮም ከሦስቱ ነጥቦች ውስጥ የቀስት ምልክቷን በመንካት አንድ ገጽ ከነምስሉ ይቀመጣል፤ ኔትወርክ በሌለበትም ይነበባል። ቅዳሜ ለገበያ ከተማ የወጣ ተማሪ አሥር የትምህርት ገጽ ይዞ ወደ ቀበሌው ቢመለስ ሳምንቱን ሙሉ ያነባል።

ብሮውዘሩ ከተሰናዳ በኋላ የሚቀረው አድራሻ ማንበብ ነው፤ ይህን ደግሞ ምንም ፕሮግራም አይተካውም። በደብረ ማርቆስ ብዙ ወጣት ብሮውዘርን በቁም ነገር የሚከፍተው የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ነው። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ውጤቱን በድረ ገጽ፣ በአጭር የስልክ መልእክትና በቴሌግራም ሲያሳውቅ ቆይቷል፤ በዚያው ሰዓት ታዲያ አምሳያ ገጾችም ይፈላሉ። የአድራሻው እውነተኛ ባለቤት የሚታወቀው ከመጨረሻው ነው። «ነጥብ ጎቭ ነጥብ ኢቲ» የመንግሥት፣ «ነጥብ ኢዱ ነጥብ ኢቲ» የትምህርት ተቋም ነው፤ እነዚህ ቃላት በአድራሻው መሃል ተሸጉጠው መጨረሻው ሌላ ከሆነ ባለቤቱም ሌላ ነው። በአንዳንድ ብሮውዘር ከአድራሻው ጎን የሚታየው የቁልፍ ምልክትም አይበቃም። ግንኙነቱ በመንገድ እንደማይሰማ ይናገራል እንጂ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ሐቀኛ ስለመሆኑ አይመሰክርም። ትክክለኛውን ገጽ አንዴ አግኝቶ በዕልባት የያዘ ሰው በየዓመቱ በየቴሌግራም ቻናሉ ሊንክ አይለምንም።

ቴሌግራም ራሱ ሊንክን በውስጡ ባለ መስኮት ይከፍታል። ለንባብ ምንም አይደለም፤ ረጅም ቅጽ በዚያ መስኮት እየሞሉ መሃል ላይ መልእክት ለማየት መውጣት ግን የተሞላውን ሁሉ ሊያስረሳ ይችላል። በሦስቱ ነጥቦች በኩል በክሮም እንዲከፈት ማድረግ ይሻላል።

በመጀመሪያው ሳምንት ብሮውዘሩ ብዙ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ይህ ገጽ ማሳወቂያ ይላክ? ቦታህን ይወቅ? ካሜራህን ይክፈት? ብዙ ሰው ገጹን ለማየት ሲቸኩል «ፍቀድ» ይላል፤ ከዚያ ሌሊትና ቀን የማያውቀው ማስታወቂያ ስልኩን ያንጫጫዋል፣ «ቫይረስ ገባብኝ» ብሎም ወደ ጥገና ይሄዳል። መድኃኒቱ በጣቢያ ቅንብሮች ውስጥ ማሳወቂያ የሚለውን ገብቶ የተፈቀደላቸውን አንድ በአንድ መሰረዝ ነው። ቦታ ለካርታ፣ ካሜራ ለቪዲዮ ጥሪ ይፈቀዳል፤ ከዚያ ውጭ እምቢ ማለት ምንም አያጎድልም።

የመጨረሻው ጉዳይ የጋራ ዕቃ ነው። ቤት ውስጥ አንድ ስልክ አራት ሰው ሲጠቀምበት ብሮውዘሩ «የይለፍ ቃሉን ላስቀምጥ?» ሲል መልሱ አይ ነው፤ የአንዱ ኢሜይል በሌላው እጅ እንዳይከፈት። ማንነት የማያሳውቅ የተባለው ትር የታየውን ገጽ ታሪክ አያስቀምጥም፤ ከቤተሰብ ይሰውራል እንጂ ከቴሌም ሆነ ከድረ ገጹ አይሰውርም።

ኢንተርኔት ቤት ሲሆን ጥንቃቄው ይጨምራል። የአሜሪካ የዲቪ ዕጣ ቅጽ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚሞላው በኢንተርኔት ብቻ ነውና ብዙ ሰው የገዛ ሰነዱን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ኮምፒውተር ላይ የሚዘረጋው ለሱ ሲል ነው። ቅጹ የልደት ቀንን በጎርጎርዮስ ይጠይቃል፦ ጥር 21 ቀን 1995 የተወለደ ሰው ጃንዋሪ 29 ቀን 2003 ብሎ ይሞላል፤ ብሮውዘሩ አይቀይርለትም። ቅጹ ሲላክ የሚወጣው የማረጋገጫ ቁጥር ውጤት የሚታይበት ስለሆነ በባለቤቱ እጅ መግባት አለበት፤ ገጹን በፒዲኤፍ አስቀምጦ ወደ ራስ ስልክ መላክ፣ ወይም ማተም፣ ካልሆነም በደብተር መጻፍ። ከዚያ ከኢሜይል መውጣት፣ የአሰሳ ታሪኩንና ኩኪዎቹን ማጽዳት ይቀራል። ታሪክ ሲጸዳ የማይጠፋው የወረደው ፋይል ነው። ፎቶውና የፓስፖርቱ ቅጂ ዳውንሎድስ ፎልደር ውስጥ እንደተቀመጡ ስለሚቀሩ በእጅ ተሰርዘው፣ ሪሳይክል ቢኑም ባዶ ተደርጎ ነው ወንበሩ ለሚቀጥለው ሰው የሚለቀቀው።